የሁዳዴ ጥብስ

አንድ ቀን፣ ያውም በሁዳዴ እኩሌታ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰፈር ሙሉ ጥብስ ሸተተው። ሰዓቱ ቅዳሴ የሚወጣበት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ሽታው መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘው። ሽንኩርት አለበት፣ ቃሪያ አለበት፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የጥብስ ቅጠል አለበት። እንግዲህ የጥብስ ቅጠል ምን ላይ እንደሚጨመር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሽሮ ላይ የሚጨምረው ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሰዉ ቆም እያለ በአፍንጫው ፈለገ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ምራቁን መዋጡ ደግሞ ኃጢአት መስሎት አማተበ። የሁሉም አፍንጫ ዞሮ ዞሮ ያረፈው የአጥላው ግቢ ላይ ነው።

አጥላው ማን መሰላችሁ? ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው መሪውን ለሌላ የለቀቀ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት መዋል አቃተው። አፉም አያርፍም። እንግዳ ፊት ያልሆነ ነገር እንዳይናገር ሚስቱ ወይዘሮ የሺመቤት አጠገቡ ትቀመጥና ጭኑን ትቆነጥጠዋለች። በክፋት አይደለም የሚናገረው፣ ሰውም አይጎዳም፤ ብቻ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

በዚያ ሰሞን ግን ቁንጥጫው በዝቶበት ነበር። ልጁ ትርሲት ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ሙሽራው ዲያቆን ነው፤ የሙሽራው አባት ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባት መምሬ ጥበቡ ናቸው። ጋብቻው በተክሊል ነው። እንግዲህ ከቄስ ቤት መዛመድ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሳሳቅህ ይታያል፣ አረማመድህ ይታያል፣ አበላልህማ ከሁሉ በላይ ይታያል። የሺመቤት መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥሎ ተቆጣችው፣ በመጨረሻም «ሠርጉ እስኪያልፍ እንደ ሰው እንኑር፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ሁን» አለችው። አጥላውም ልጁን ይወዳልና እሺ ብሎ አፉን ዘጋ።

ወደ ጥብሱ ከመመለሴ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ሰውየውን ታሙብኛላችሁ።

የክረምቱ ማብቂያ ላይ ግብርናዎች እንጉዳይ ቤት ውስጥ ስለማብቀል ስልጠና አለ ብለው ሰፈሩን ጠሩ። አጥላው የሄደው ለምሳው ነው፤ ይህን እሱም አይደብቀውም። ምሳው ዘገየ፣ እሱም ቁጭ ብሎ ሰማ። አሰልጣኟ እንጉዳይ እርሻ አይፈልግም፣ በሬ አይፈልግም፣ ፀሐይም ባያየው ግድ የለውም፣ ገለባና እርጥበት ያለው ጨለማ ክፍል አግኝቶ ንጽሕናው ከተጠበቀለት ይበቃዋል አለች። አጥላው ግቢ ውስጥ አንዲት የኋላ ክፍል አለች። መስኮቷ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው። ተከራይ መጥቶ በሯን ከፍቶ ያያትና ሳይቀመጥ ይመለሳል። ይህቺን ክፍል የሚወድ ፍጥረት በዓለም ላይ መኖሩን ሲሰማ ምሳውን ረሳው። ማሽላ ላይ ያደገውን ነጭ ዘር በጠርሙስ ተቀብሎ፣ እንዳይሰበርበት ደረቱ ላይ አቅፎ ቤቱ ገባ።

የሺመቤት ጠርሙሱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ነገራት። «የጅብ ጥላ ልታበላኝ ነው?» አለችው።

እውነቷን ነው። በእነሱ አገር ክረምት ሲገባ እበት ላይና አጥር ጥግ ብቅ የሚለው ነገር ስሙ የጅብ ጥላ ነው። ልጅ ሆና እንዳትነካው ተብላ ነው ያደገችው፤ የነካ እጁ ይቆስላል፣ የበላ አያድርም ይባል ነበር። አጥላው ይሄ የዱሩ እንዳልሆነ፣ ዘሩ ተመርጦ የመጣ መሆኑን፣ ትልልቅ ሆቴሎች እየለመኑ እንደሚወስዱት አስረዳት። ሰማችው፤ ግን ልቧ አልተቀበለውም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አስገደደችው። አብቅል፣ ግን ሠርጉ እስኪያልፍ ማንም እንዳይሰማ፤ የመምሬ ቤት ሰዎች ልጃቸውን ለጅብ ጥላ በላዎች አይድሩም አለችው። «ትርሲት ትሙት በል» አለችው። አጥላውም ትርሲት ትሙት ብሎ ማለ።

የመጀመሪያውን ሙከራ አበላሸው። በሹፌር ወግ ነው የሠራው፤ ቶሎ ጭኖ ቶሎ መድረስ። ገለባውን ውኃ ረጨት አድርጎበት ሳይቀቅል ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቀ፣ ዘሩን ባልታጠበ እጁ በተነበት፣ አሁንም አሁንም በሩን እየከፈተ በቀለ አልበቀለ እያለ አፍንጫውን አስጠጋ። ድመቷም አብራው ስትገባ ዝም አላት። ከረጢቱ ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ። አጥላው እየተከዘ አንዱን ከረጢት ይዞ ወደ አሰልጣኟ ሄደ። ልጅቷም ከረጢቱን ትታ ጥፍሩን አየችው፤ ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋትም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ገለባውን በቢላ አሳጥሮ ከተፈ፣ ውኃ ውስጥ አሳደረው፣ በበርሜል አድርጎ ጓሮ ቀቀለው። ቀቅሎም አልቸኮለም፤ ውኃው እስኪንጠፈጠፍና ገለባው እስኪበርድ ጠበቀ፤ ዘሩ ትኩስ ገለባ ላይ ከወደቀ እንደሚሞት አሰልጣኟ ነግራዋለች። ከዚያ ረጅም ላስቲክ ከረጢት ዘርግቶ ገለባ ነሰነሰ፣ ዘር በተነ፣ እንደገና ገለባ፣ እንደገና ዘር፣ እንዲህ እያደረገ ሞላና አንገቱን አሰረ። ከረጢቶቹን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ አንጠለጠላቸው። መስኮቷን በጆንያ ጋረዳት። ሊገባ ሲል እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል፤ የሺመቤትን እንኳ ሳትታጠብ አያስገባትም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል።

እንጉዳዩም ወግ አወቀ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ከዘሩ እየተነሣ ገለባውን ሁሉ ዋጠውና ከረጢቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ አጥላው ላስቲኩን በስለታም ቢላ እዚህም እዚያም ቀደደለት፣ አየርና ትንሽ ብርሃን እንዲያገኝ ጆንያውን ገለጥ አደረገ፣ ጠዋትና ማታ ግድግዳውንና ወለሉን ውኃ ይረጭ ጀመር። በቀዳዳው በኩል ጆሮ የሚመስሉ እንጉዳዮች ተደራርበው ወጡ። አጥላው በዚያች ቀን እንደ ልጅ ነው የተደሰተው፤ የሚነግረው ሰው ግን አልነበረውም፤ ምሎአል።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ከአጥር ወዲያ ሆናችሁ እዩት። ከአጥር ወዲያ ያለችው እትዬ ዘርፌ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የእሷ ግቢ ግን ትንሽ ስለሆነች ለዓይኗ አትበቃትም። እሷ ያየችው እንዲህ ነው፦ በጾም ወራት ጓሮ በርሜል ሙሉ ውኃ ይፈላል። አጥላው ቢላ ይስላል። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል። ሰውየው ሌላ ልብስ ለብሶ ይገባል፣ ያንኑ አውልቆ ይወጣል፣ እጁን በሳሙና ሲፈትግ ይውላል። አንድ ቀን ደግሞ በሩ ገርበብ ብሎ ስታይ፣ ከጣሪያው ላይ ነጫጭ፣ ድልብልብ ያሉ ነገሮች በተርታ ተንጠልጥለዋል፣ ወለሉ ረጥቧል፣ አጥላው ቢላውን ይዞ መካከላቸው ይዞራል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እሷም ያንኑ አለች፤ አጥላው በሁዳዴ ሥጋ ቤት ከፍቷል አለች። ጥብሱ በሸተተበት ቀን ደግሞ ጥርጣሬዋ ሁሉ በአፍንጫዋ ተረጋገጠላትና በቀጥታ ወደ አቶ ወንድይፍራው ቤት ሄደች።

አቶ ወንድይፍራው የእድሩ ዳኛ ናቸው። የድንኳኑ፣ የትልልቁ ድስትና የወንበሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ የሞተም ያገባም በእሳቸው በኩል ሳያልፍ አይሆንለትም። የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ፊት ስለ ኩላሊት ያስረዳሉ፣ ግንበኛ ፊት ስለ ሲሚንቶ ያስረዳሉ። ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ጭራሽ ማን ይችላቸዋል። የሰፈሩ ቅርጫ በሬ የሚመረጠው በእሳቸው ዓይን፣ የሚመደበው በእሳቸው ቢላ ነው። ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ አንዲት ጉርሻ ብታጎርሱኝ ዳቢት ይሁን ሽንጥ፣ የላም ይሁን የወይፈን እነግራችኋለሁ ይላሉ። አንድ ጊዜ አጥላው የቅርጫው ዕጣ በወጣ ቁጥር ሻኛው እንዴት ሁልጊዜ የዳኛውን ቤት መንገድ እንደሚያውቅ ጠይቋቸው ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። አቶ ወንድይፍራውም አብረው ሳቁ፤ አልረሱም እንጂ።

ያን ቀን አጥላው የመጀመሪያውን ምርት ከሥሩ ጠምዘዝ እያደረገ፣ ጠርዙ ሳይገለበጥ ለቅሞ ለየሺመቤት ሰጥቷት ነበር። እሷ ደግሞ ልቧ ስላልተቀበለው የጅብ ነገር ካለበት ይጥፋ ብላ በዘይት አቁላልታ፣ ቤት ያለውን ቅመም ሁሉ ጨመረችበት፣ የጥብስ ቅጠሉንም አዘነበችበት። ሲበስልም በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። እንደገና ቀመሰች። ከዚያ ቁም ሳጥን ከፍታ፣ ለሠርጉ ብላ ከገዛቻቸው፣ ጠርዛቸው ላይ አበባ ካለባቸው ሳህኖች አንዱን አወጣችና በላዩ ገለበጠችው። አጥላው ይህን ሲያይ ሥራው መድረሱን አወቀ። እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ።

ገና እንጀራውን ሊቆርስ ሲል አቶ ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆመዋል። ቤቶች አላሉም፣ ሰላም አላሉም። መጥተው ሳህኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ቡናማ ቁርጥራጭ በዘይት ያብረቀርቃል። «በሁዳዴ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አጥላው አፉን ከፈተ። የሺመቤት ጭኑን ቆነጠጠችው። መሐላው ትዝ አለውና ከፍቶት የነበረውን አፍ በምን እንደሚዘጋው ጨነቀው። በመጨረሻ ቤት ያፈራውን አብረውን ይቅመሱ አላቸው፤ ይህም ውሸት አልነበረም። አቶ ወንድይፍራው እንዲህ ያለ ማዕድ ላይ እጃቸውን እንደማያረክሱ ነግረውት፣ ይሄ ማስረጃ ነው ብለው ሳህኑን ከነጥብሱ አንሥተው በነጠላቸው ከለሉት። አጥላው አንዲት ጉርሻ እንኳ አልደረሰውም። የሺመቤት ድንጋጤዋ ከመብዛቱ የተነሣ የመጣላት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ሳህኔን» አለች። እሑድ በእድሩ ስብሰባ፣ በሰው ሁሉ ፊት ትረከቢዋለሽ አሏትና ወጡ።

እስከ እሑድ ድረስ ያ ቤት የለቅሶ ቤት ሆነ። ወሬው አንድ ቀን ሳያድር መምሬ ጥበቡ ቤት ገብቷል። ከዚያ ቤት መልእክት መጣ፤ ክፉ ቃል የለበትም፤ ነገሩ እስኪጣራ የሙሽራዋ ቀሚስ ስፌት ትንሽ ይቆይ ብቻ ነው የሚለው። ትርሲት መልእክቱን ሰምታ ወደ ውስጥ ገባችና ትራሷን አቅፋ አለቀሰች። አጥላው የልጁን ለቅሶ ሲሰማ ልናገር ወይ እያለ የሺመቤትን ለመናት። የሺመቤት ደግሞ ከጾም ገዳፊና ከጅብ ጥላ በላ የቱ ይሻላል እያለች ስትመዝን፣ ስታወርድ ስታወጣ፣ አንዱም አልቀል አላት። ስብሰባው ላይ አያለሁ፣ እስከዚያ ዝም በል አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ብዙ የለቅሶ ቀን እንኳ ያን ያህል ሰው አይወጣም። መምሬ ጥበቡ ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ከማንም ይልቅ የጨነቃቸው እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ተነሡና በርሜሉን፣ ቢላውን፣ ጆንያውን፣ ሳሙናውን፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። እትዬ ዘርፌም ያየችውን ያህል አየሁ አለች። ከዚያ ዳኛው ውሳኔ ጠየቁ። አጥላው ከእድሩ ይሰረዝ፣ ለሠርጉም ድንኳንና ድስት አይሰጠው አሉ። ለመምሬም ልባቸው እያዘነ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመዱ ሳይመሽ እንዲያውቁት ነው አሏቸው።

መምሬ ቀና ብለው ማስረጃ አለ ወይ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ወንድይፍራው ሞልቶ ብለው ከፌስታል ውስጥ ሳህኑን አወጡና ከፍ አድርገው አሳዩ።

የሺመቤት መጀመሪያ ያየችው አለመሰንጠቁን ነው፤ ተመስገን አለች በሆዷ። አጥላው ያየው ግን ሌላ ነው። ሳህኑ ባዶ ነው። ባዶም ብቻ አይደለም፣ ዙሪያውን በእንጀራ ተጠርጎ ያበራል። አበባው ላይ አንዲት የጥብስ ቅጠል ብቻ ተጣብቃ ቀርታለች። አጥላው ለቀናት ሳይስቅ የከረመ ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ። ተነሣና በትሕትና፣ ጋሼ ሳህኑ ላይ የነበረው የት ደረሰ ብሎ ጠየቃቸው።

አቶ ወንድይፍራው አልደነገጡም። ዳኛ ሳያጣራ አይፈርድም አሉ። ሥጋ መሆኑን ለማረጋገጥ አንዲት ቁራጭ ቀምሰዋል። ሰውን ያለ ጥፋቱ ላለመወንጀል ደግመው ቀምሰዋል። የትኛው ብልት እንደሆነ ለይቶ ማወቅም ነበረባቸው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ነፍሳቸው እየተጸየፈችው፣ ለእውነት ሲሉ መሆኑን ሰው እንዲረዳላቸው ጠየቁ። ከኋላ ወንበር አካባቢ የሆነ ሰው ሳል ያዘው።

አጥላው ሰው መቼም ይሳሳታል፣ ምናልባት ሥጋ ባይሆንስ አላቸው። ይህን ጊዜ አቶ ወንድይፍራው ከልባቸው ተናደዱ።

«እኔን ነው ሥጋ የምታስተምረኝ? ሽንጥ ነው፤ ያውም የወይፈን ሽንጥ። ገና አፌ እንደገባ ነው ያወቅሁት።»

አጥላው ወደ የሺመቤት ዞረ። እሷ ሳህኑን አየች፣ መምሬን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። አጥላውም እንግዲያው ወይፈኑ ቤቴ ነው፣ ሄደን እንየው አለ። ስብሰባው እንዳለ ተነሥቶ ተከተለው።

የኋላይቱ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ አጥላው መንገዱን ዘጋና ውኃና ሳሙና አቀረበ። ሳይታጠብ የሚገባ የለም አለ። መምሬ ፈገግ ብለው ቀድመው ታጠቡ። አቶ ወንድይፍራውም እያጉረመረሙ ታጠቡ፤ አጥላው በጣቶቻቸው መካከልም እንዲፈትጉ አደረጋቸው። ከዚያ በሩን ከፈተ።

ከጣሪያው ላይ ነጫጭ ከረጢቶች በተርታ ተንጠልጥለዋል። ከየቀዳዳው ተደራርበው የወጡት እንጉዳዮች የተረጨባቸውን ውኃ ያንጠባጥባሉ። የእርጥብ ገለባ ሽታ አለ፤ ደም የለም፣ ቆዳ የለም፣ አጥንት የለም። አጥላው በአጭሩ አስረዳ፤ በርሜሉ ገለባ ለመቀቀል፣ ቢላው ላስቲክ ለመቅደድ፣ ሳሙናው ሻጋታ እንዳይገባ መሆኑን ተናገረ። ያልተናገረውም የሰው አፍ ስለፈራ እንደሆነ አልደበቀም። የሺመቤት የጅብ ጥላ የሚል ድምፅ ከየት ይመጣ ይሆን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ከልላ ቆማለች። መምሬ ጥበቡ ግን አንዱን እንጉዳይ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ ገለባ በልቶ ገለባ ላይ የበቀለ ነገር ጾም ካልሆነ ምን ጾም ሊሆን ነው አሉ። ቀጥለውም ቤታቸው ሽሮ ከሰለቸ መክረሙን፣ ባለቤታቸው ይህን ብታይ እንደምትወድ ተናገሩ። የሺመቤት ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ግን ተሸንፈው አያውቁምና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳህኑ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«እንጉዳይም ይሁን፤ ጾም የሆድ አይደለም፣ የልብ ነው። ሥጋ ሥጋ እንዲል አድርጎ ጠብሶ፣ ልቡ ሥጋ እያለ የበላ ሰው ሁዳዴን ገድፏል። ይህን መምሬ ራሳቸው ያስተማሩን ነው።»

ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ ተቸገሩ። ባለፈው እሑድ ቆመው ያስተማሩት በእርግጥ ይህንኑ ነው፤ አይደለም ሊሉ አይችሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እውነት ነው፣ ሥጋ ነው ብሎ በልቡ ወስኖ የበላ ሰው ገዳፊ ነው አሉ። የሺመቤት ፊት እንደገና ጠቆረ። አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አጥላው ተመለከቱ።

አጥላው ቀስ ብሎ ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበላቸው። አበባው ላይ የተጣበቀችውን ቅጠል በጥፍሩ አነሣና ለሰው ሁሉ አሳየ። የሺመቤት አጠገቡ ነበረች፤ ግን አልቆነጠጠችውም።

«ጋሼ፣ እኔ እንጉዳይ ነው ብዬ ዘራሁት፣ እንጉዳይ ነው ብዬ ለቀምኩት፣ እንጉዳይ ነው ብዬ ልበላው ስል ከእጄ ወሰዱብኝ። እርስዎ ግን ሥጋ ነው ብለው፣ ያውም ሽንጥ ነው፣ ያውም የወይፈን ነው ብለው ሳህኑን እስኪያበራ ጠረጉት። ታዲያ መምሬ ባሉት ከሄድን፣ ከሁለታችን ሁዳዴን የገደፈው ማነው?»

መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁ ከውስጥ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ ወጣ፤ ትርሲት እንኳ ከቤት ወጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ወንድይፍራውን መምሬ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ዳር ወሰዷቸውና የስግደት ቀኖና ሰጧቸው፤ የሠርጉንም ድንኳን ራሳቸው ቆመው እንዲያስተክሉ አከሉበት። አስተከሉም፤ ያን የመሰለ ድንኳን በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

በሠርጉ ዕለት፣ ፍሪዳው ተጥሎ አቶ ወንድይፍራው ቢላቸውን ይዘው አንዲት ብልት ከፍ እያደረጉ ይህቺ ሽንጥ ናት እያሉ ለወጣቶች ሲያስተምሩ፣ ከኋላቸው አንዲት ትሑት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እንዲያጣሩ ሳህን ላምጣልዎት?» አለቻቸው። ዞር ብለው ቢያዩ አጥላው አይደለም፤ የሺመቤት ናት፣ አበባ ያለበትን ሳህን ይዛ።